ሪሳይክል የተደረገ ደብተር ለዕለት ማስታወሻ፦ ምን አይቶ፣ በምን ሞክሮ ይገዛል?

ቡናማ ሽፋን፣ በላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል፣ ጥግ ላይ ደግሞ «ኢኮ» የምትል ቃል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ደብተሩ ካገለገለ ወረቀት የተሠራ ነው ብሎ ጨምሮ ይከፍላል። ከሦስቱ ግን አንዱም ይህን አያረጋግጥም። ክራፍት የሚባለው ቡናማ ወረቀት ቡናማ የሆነው ስላልነጣ ነው፤ በቀጥታ ከተቆረጠ ዛፍ ሊሠራ ይችላል። በአንጻሩ ፍጹም ነጭ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ካገለገለ ወረቀት የተሠራ ደብተርም አለ።

ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ የዕለት ማስታወሻ ለሚይዝ ሰው ነው። የተማሪ ደብተር ሌላ ሒሳብ አለው፤ ዓመቱን ከጨረሰ ይበቃል። የዕለት ማስታወሻ ግን ከብዙ ዓመት በኋላም ተከፍቶ መነበብ አለበት። ስለዚህ ሽፋኑን ለጊዜው እንተወውና ከእስክሪብቶው እንጀምር።

1. በምን እንደሚጽፉ አስቀድመው ይወስኑ

ወረቀት ማለት የተጠላለፈ ቃጫ ነው። ያገለገለ ወረቀት በውሃ ተበጥብጦ፣ የሕትመት ቀለሙ ታጥቦ ወጥቶለት፣ እንደገና ወንፊት ላይ ተነጥፎ ሲደርቅ ቃጫው በየዙሩ እያጠረ ይሄዳል። ከ5 እስከ 7 ዙር ከሄደ በኋላ ወረቀት ሆኖ ለመያያዝ አቅም ያጣል፤ ጭዱ አልቆ ብናኙ ብቻ የገባበት ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲመረግ ቶሎ እንደሚፈረፈረው ማለት ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ረጅም ቃጫ ያለው አዲስ ጥሬ ዕቃ የሚቀላቅሉት ለዚህ ነው። ጸሐፊው ይህን የሚያውቀው በሁለት ነገር ነው፦ ወረቀቱ ቀለም ይመጥጣል፣ ገጹም ላይ ትንሽ ብናኝ ይኖራል።

መምጠጡን የሚቀንሰው ፋብሪካው የሚጨምርበት ስታርችና መሰል ማጠንከሪያ ነው። በማጠንከሪያው ያልሰሰተ ፋብሪካ ያወጣው ወረቀት ለእስክሪብቶ ከአዲሱ አይለይም። የሰሰተበት ግን ቀለም ገና ሲነካው ይበትነዋል። «ሪሳይክል ወረቀት ቀለም ያፈሳል» የሚባለው እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው፤ ጥፋቱ የማጠንከሪያው እንጂ የአሮጌው ወረቀት አይደለም።

በቢክ ወይም በእርሳስ የሚጽፍ ሰው ዕድለኛ ነው። የቢክ ቀለም ወፍራምና ዘይት ያለበት ስለሆነ ከላይ ይቀራል፤ ከ60 እስከ 70 ግራም የሆነ ወረቀትም (ግራሙ የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው) ይችለዋል። ችግሩ እጅ ለሚከብደው ሰው ነው፤ ቢክ ስስ ወረቀት ላይ ይረግጣል፣ የጀርባው ገጽ ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ጄል ቀለሙ ቀጭን ነውና 80 ግራም ያስፈልገዋል። ቀለም የሚሞላውን፣ በተለምዶ ፓርከር የምንለውን ብዕር የሚወድ ደግሞ ከ90 እስከ 100 ግራም ይፈልግ፤ ለእሱ የማጠንከሪያው ነገር ከክብደቱም ይበልጣል። ማርከር የሚጠቀም ሰው በአንድ ወገን ብቻ ለመጻፍ ከወዲሁ ራሱን ያሳምን።

እዚህ ላይ ለግራኞች አንድ መልካም ዜና አለ። ትንሽ የሚመጥ ወረቀት ላይ ቀለም ቶሎ ስለሚደርቅ እጅ ከኋላ ሲከተል አያደበዝዘውም። እኔ ለግራኝ ሰው ስጦታ ስገዛ በጣም ለስላሳውንና የሚያብረቀርቀውን ወረቀት እሸሻለሁ።

2. ምልክቶቹን በትክክል ያንብቡ

አዲስ አበባ ውስጥ በሚሸጡ ደብተሮች ላይ ይህ መረጃ እምብዛም አይገኝም። ከውጭ የመጣ ደብተር፣ በኢንተርኔት የታዘዘ ወይም ዘመድ ከባሕር ማዶ የላከው ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባው ምልክት አለው። ሰው በብዛት የሚሳሳተው በእነዚህ ነው።

ሦስት ቀስቶች እየተከታተሉ የሚዞሩበት ምልክት እ.ኤ.አ. በ1970 ጋሪ አንደርሰን የተባለ የ23 ዓመት የካሊፎርኒያ ተማሪ ለውድድር የነደፈው ነው። መሐሉ ላይ ቁጥር ከሌለ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፦ ይህ ዕቃ ሲያልቅ እንደገና ሊሠራ ይችላል። የትኛውም ወረቀት ማለት ይቻላል እንደዚያ ነው። መሐሉ ላይ «60%» ካለ ግን ከወረቀቱ 60 በመቶው ካገለገለ ወረቀት መጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ዓይንዎ ቀስቱን አልፎ ቁጥሩን ይፈልግ።

ዛፍ የተሳለበት የኤፍ ኤስ ሲ (ስለ ደን አያያዝ ማረጋገጫ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት) ምልክት በሦስት ዓይነት ይመጣል። «ሪሳይክልድ» የሚለው ወረቀቱ በሙሉ ካገለገለ ወይም ከተረፈ ወረቀት መሠራቱን ይገልጻል። «ሚክስ» የሚለው ድብልቅ ነው። «100%» የሚለው ደግሞ ብዙዎችን ያታልላል። መቶ በመቶ ሪሳይክል ማለት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን እንጨቱ በሙሉ በአግባቡ ከሚተዳደር ደን የመጣ አዲስ እንጨት ነው ማለት ነው። መጥፎ ወረቀት አይደለም፣ የፈለጉት ግን እሱን አይደለም።

ጀርመን ወይም በዙሪያዋ ያላችሁ «ሰማያዊው መልአክ» የሚባለውን ምልክት ፈልጉ፤ ሰማያዊ ክብ ውስጥ እጁን የዘረጋ ሰው ያለበት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ የሚሰጥ የመንግሥት ምልክት ሲሆን በሪሳይክል ወረቀት ላይ ሲለጠፍ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ካገለገለ ወረቀት የተሠራ መሆኑን ያመለክታል። የጀርመን ተማሪዎች ደብተር ላይ በየሱፐርማርኬቱ ይገኛል፤ ዋጋውም የቅንጦት አይደለም።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ መቶኛው የምን መቶኛ እንደሆነ ተመልከቱ። ሰው ተጠቅሞበት ከጣለው ወረቀት የመጣና ከማተሚያ ቤት መቁረጫ ሥር ከተለቀመ ቁርጥራጭ የመጣ እኩል አይደሉም። ቁርጥራጩን ፋብሪካዎች ድሮም አይጥሉትም ነበር። ከቢሮና ከቤት የተሰበሰበውን ወረቀት ከቆሻሻ መጣያ የሚያድነው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

ከሸንኮራ አገዳ ገለባ ወይም ከሌላ የእርሻ ተረፈ ምርት የተሠራ ደብተርም አለ። ዛፍ አልተቆረጠበትም፣ ሪሳይክል ግን አይደለም። መግዛት ይቻላል፤ ስሙን አለማደባለቅ ነው።

ምንም ቁጥር ከሌለው እንደ ማንኛውም ደብተር ይዩት፣ የማንኛውንም ደብተር ዋጋ ይክፈሉ። ወረቀቱ ላይ የሚታዩት ነጠብጣቦች ማስረጃ አይሆኑም፤ ለጌጥ ሆን ተብለው የሚጨመሩበት ጊዜ አለ። ሻጩን መጠየቅ ክፋት የለውም፤ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ፣ ሪሳይክል ነው» ይሆናል፤ ቡናማ ነዋ!

3. ክብደቱ ካልተጻፈ ይመዝኑት

የወረቀት ውፍረት የሚነገረው አንድ ካሬ ሜትሩ ስንት ግራም እንደሚመዝን በመግለጽ ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት 80 ግራም ነው። ደብተሩ ላይ ካልተጻፈ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ኤ5 የሚባለው መጠን 148 በ210 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 32 ሉክ አንድ ካሬ ሜትር ይሞላል። እንግዲህ ባለ 100 ሉክ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ኤ5 ደብተር 300 ግራም ቢመዝንና ለሽፋኑ 60 ግራም ቢቀንሱለት 240 ግራም ወረቀት ይቀራል። ለ100 ሲካፈል አንዱ ሉክ 2.4 ግራም ነው። በ32 ሲባዛ 77 ግራም ገደማ ይመጣል። ለቢክ ይበቃል፣ ለጄል ትንሽ ጠርዝ ላይ ነው።

ሲቆጥሩ ሉኩን ከገጹ ይለዩ። «200» የሚል ደብተር አንዳንዱ 200 ገጽ ማለቱ ነው፤ ያ ደግሞ 100 ሉክ ነው። ሁለት ደብተር ዋጋ ሲያነጻጽሩ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

4. በፊደል ይሞክሩት

ከሁሉም በላይ የምተማመንበት ይህንን ነው። አንድ ደብተር ብቻ ይግዙ፣ ቤት ይሞክሩት፣ ከወደዱት ለደርዘኑ ይመለሱ። ሻጩ ከፈቀደ ደግሞ የራስዎን እስክሪብቶ ይዘው ሄደው የመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ይሞክሩ። የሱቁ እስክሪብቶ የእርስዎን አይተካም።

መስመር አይሞነጫጭሩ፤ ይጻፉ። «ቤ፣ ቢ፣ ሜ፣ ዴ፣ ጤ፣ ጬ፣ ቷ» ብለው በተለመደው የእጅ ጽሑፍዎ መጠን ይደርድሩ። የኃምስ ፊደላት ቀለበት ትንሽ ናት። ቀለም የሚበትን ወረቀት ላይ መጀመሪያ የምትደፈነው እሷ ናት። «ቤ» ቀለበቷ ተደፍኖ «ቢ» ከመሰለች ያ ወረቀትና ያ እስክሪብቶ አይስማሙም። የላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው «ጥሩ ነው» ያለው ወረቀት ለእኛ የማይሆንበት ጊዜ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀጭን ጫፍ ያለው እስክሪብቶ፣ ለምሳሌ 0.7 የነበረውን ወደ 0.5 ዝቅ ማድረግ፣ አንዳንዴ ደብተር ከመቀየር ያድናል።

የፊደሎቹን ጠርዝ ቀረብ አድርገው ይዩ። ከመስመሩ ወጥተው ወደ ጎን የሚሳቡ ቀጫጭን ፀጉሮች ካሉ ወረቀቱ እየመጠጠ ነው። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ጠብቀው በጣት ይጥረጉት። ገጹን ይገልብጡት፦ ጽሑፉ ጥላ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው፣ ይለመዳል። ነጥብ ነጥብ ሆኖ ቀለሙ ራሱ ከወጣ ግን የጀርባውን ገጽ አጥተዋል፤ ባለ 100 ሉኩን ደብተር በባለ 50 ዋጋ ካላገኙት በስተቀር ይተዉት።

በእርሳስ ለሚጽፍ ደግሞ አንድ ቃል ጽፎ በላጲስ ማጥፋት ነው። አጭር ቃጫ ያለው ወረቀት ሲታሽ ይሳሳል። ሁለት ጊዜ ተፍቆ ካበጠ ወይም ከተላጠ አይሆንም። ጣትን ባዶ ገጽ ላይ ሳብ አድርጎ ብናኝ መኖሩን ማየትም ጥሩ ነው። ብናኙ የፓርከር ብዕር ስንጥቅ ውስጥ ይሰካና መስመሩን ያወፍረዋል።

ስለ ቀለሙ ደግሞ፦ ግራጫ ያለበት ወረቀት ለዓይን ይመቻል የሚሉ አሉ። በጥቁር ቀለም ለሚጽፍ እውነት ሊሆን ይችላል። በእርሳስ ለሚጽፍና ማታ በደካማ አምፖል ለሚያነብ ግን ግራጫ ላይ ግራጫ ነው፤ ዓይኑ ደከም ያለ ሰው ነጣ ያለውን ይምረጥ።

5. ጀርባውን ገልጠው ይዩ

ወረቀቱ ጥሩ ሆኖ ጥራዙ የሚበታተን ደብተር በጣም ያናድዳል። ከላይ በኩል የደብተሩን ጀርባ ይመልከቱ። ቅጠሎቹ በጥቂት በጥቂቱ ታጥፈው የተደረደሩ ጥራዞች ሆነው ከታዩና በየጥራዙ መሐል ክር ካለ የተሰፋ ነው፤ እሱን ይምረጡ። ቅጠሎቹ ነጠላ ነጠላ ሆነው በኮላ ብቻ ከተያዙ ደጋግሞ ሲከፈት መሐሉ ይለቃል፣ በተለይ ሙቀት ባለበት።

የብራና መጻሕፍታችን የተጠረዙት በዚሁ መንገድ ነው። የታጠፉት ጥራዞች እርስ በርስ በሰንሰለት ስፌት ተያይዘው ከእንጨት ገበታው ጋር ይታሰራሉ፤ ጀርባቸው በኮላ ስላልደረቀ አትሮንስ ላይ ሲቀመጡ ተዘርግተው ይከፈታሉ። ደብተርም እንዲህ ሲከፈት ነው አንድ እጅ ሳይዘው የሚጻፍበት።

መሐሉ በሁለት ሽቦ የተያዘ ስስ ደብተር ከ40 ሉክ በታች ከሆነ ምንም አይለውም፤ ኪስ ውስጥ ለሚይዝ እንዲያውም እሱ ይሻላል። ስፒራሉ ጠፍጣፋ ሆኖ መከፈቱ ደስ ይላል፤ ገጹ ግን በቀላሉ ይገነጠላል፣ ቦርሳ ውስጥም ይጣመማል። ሲያልቅም ሽቦው ተለይቶ ካልወጣ ወረቀቱ ተመልሶ ለመሠራት አይመችም። በፕላስቲክ የተለበጠ ሽፋንም እንደዚሁ ነው። ሪሳይክል ወረቀት ፈልጎ በላዩ ላይ ፕላስቲክ መግዛት ትንሽ ያስቃል።

አንዲት ተጨማሪ ነገር፦ ደብተሩ ሲከፈት ገጹ በራሱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ይተኛል ወይስ ድርቅ ብሎ ይቆማል? ከተኛ የቃጫው አቅጣጫ ከጀርባው ጋር ትይዩ ነው ማለት ነው። ድርቅ የሚለው ክረምት ሲገባ ጀርባው አካባቢ ሊያብጥና ሊጨማደድ ይችላል።

6. መስመር፣ መጠንና ቀን

ፊደላችን ትንሽና ትልቅ ስለሌለው መስመሩን ከላይ እስከ ታች ይሞላል። ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መስመር ይመቻል። 5 ሚሊ ሜትር ነጥብ የተነጠበበት ደብተር አሁን ፋሽን ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ ለሆነ ሰው ያምርበታል፣ ለሌላው ይጠብበዋል።

ቀን የታተመበትን ለዕለት ማስታወሻ አልመክርም። በየዓመቱ መጀመሪያ ድርጅቶች የሚያድሉት አጀንዳ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር የተከፈለ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ለሚጽፍ ሰው መስከረም 1 መሐል ላይ ይውልበታል፣ ጳጉሜንም የሚሰጣት ቦታ የለውም። ያልተጻፈበት ቀን ባዶ ገጽ ሆኖ ሲጠብቅም ያሳፍራል። ግን ያለፈ ዓመት አጀንዳ ሳይጻፍበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ጥሩ ወረቀት ነው፤ ቀኑን በአንድ መስመር ሰርዘው ይጻፉበት። ከሚገዛው ሪሳይክል ደብተር ይልቅ ይህ የበለጠ ቆሻሻ ይቀንሳል።

ለዋጋው ደግሞ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወቅት ስለሆነ ደብተር ይወደዳል። የማያስቸኩል ከሆነ ታኅሣሥና ጥር ይሻላሉ።

7. እንዲቆይ ከፈለጉ

ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ሲውል ቢጫ የሚሆነው እንጨቱ ውስጥ ቃጫውን የሚያጣብቀው ሊግኒን የሚባል ነገር ስላልወጣለት ነው። ከጋዜጣና ከመሰሉ የተሠራ ሪሳይክል ወረቀትም ይህንን ይወርሳል፤ ከቢሮ ወረቀት የተሠራው የተሻለ ነው። ለልጅ ልጅ ለሚተርፍ ማስታወሻ «አይሶ 9706» የሚል (ብዙ ዘመን ለሚቆይ ወረቀት የወጣ ዓለም አቀፍ መስፈርት ነው) ወይም ክብ ውስጥ የዝንተ ዓለም ምልክት (∞) ያለበትን ይፈልጉ። መስፈርቱ የሊግኒኑን መጠን ይገድባል፣ አሲድ የሚያከሽፍ ካልሲየም ካርቦኔት በወረቀቱ ውስጥ እንዲኖርም ያስገድዳል። ለገበያ ዝርዝር፣ ለስብሰባ ማስታወሻና ለሐሳብ መሞነጫጨሪያ ይህን ሁሉ መፈለግ አያስፈልግም። የእስክሪብቶው ቀለምም ውሃ የማያስለቅቀው፣ ፒግመንት የሚባለው በደቃቅ ዱቄት የተሠራ ቀለም ቢሆን ይመረጣል፤ ጣሪያ የሚያፈስበት ቤት ያደገ ሰው ለምን እንደምል ይገባዋል።

8. ካላገኙ ራስዎ ይሥሩት

የታተመበትን ወረቀት እንደገና መጠቀም አዲስ ሐሳብ አይደለም። ማትያስ ኩፕስ የተባለ ሰው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1800 ቀለሙን ከታተመ ወረቀት አውጥቶ አዲስ ወረቀት ለመሥራት የፈጠራ መብት ወስዶ ነበር። ለእኛ ግን ፋብሪካም አያስፈልግም፤ በአንድ ወገኑ ብቻ የታተመ የቢሮ ወረቀት ይበቃል።

ሀ. 30 ኤ4 ወረቀት ይሰብስቡ። የስቴፕለር ሽቦውን ያውጡ። የደመወዝ ዝርዝርና የመታወቂያ ኮፒ ካለበት ያስቀሩት።

ለ. እያንዳንዱን የታተመበት ወገን ወደ ውስጥ እንዲሆን እኩል ያጥፉ። ኤ5 መጠን፣ ሁለቱም ፊቱ ባዶ የሆነ ቅጠል ያገኛሉ፤ በጠቅላላው 60 ገጽ። ድርብ ስለሆነ ጄልም ፓርከርም ወደ ጀርባ አያልፍም።

ሐ. የታጠፈው ጠርዝ በቀኝ፣ ክፍቱ በግራ እንዲሆን ደርድረው ከባድ ዕቃ ጭነውበት ያሳድሩ። በበነጋው ከላይና ከታች የካርቶን ሽፋን ያድርጉለት፤ የጫማ ወይም የሸሚዝ ካርቶን ይሆናል።

መ. ከግራው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው አራት ቀዳዳ ያመልክቱ። በወስፌ አሥር አሥሩን ይብሱ፤ ሁሉንም ባንዴ ለመብሳት መታገል ቀዳዳውን ያጣምመዋል።

ሠ. አንድ ሜትር ያህል ጠንካራ ክር በጧፍ ሰም አሽተው፣ በየቀዳዳው እያስገቡና በጀርባው ላይ አንድ ዙር እየጠመጠሙ ወደ ታች ይስፉ፤ ክፍት የቀረውን እየሞሉ ይመለሱና መነሻው ላይ ይቋጩ።

ይህ ዓይነቱ ስፌት እንደ ጥራዝ ተዘርግቶ አይከፈትም፤ ስለዚህ ሲጽፉ ከጀርባው በኩል ሁለት ሴንቲ ሜትር ይተዉ። መስመር ከፈለጉ ከሥር የሚገባ አንድ የተሰመረ ወረቀት ያዘጋጁ፤ ድርብ ቢሆንም ደማቅ መስመር ያሳልፋል።

ሲያልቅ የማይጠቅም ደብተር ካለ ሽቦውንና ፕላስቲኩን ለይተው ነው ለሚሰበስብ ሰው የሚሰጡት። የግል ነገር የተጻፈበትን ገጽ ግን አስቀድመው ይገንጥሉ፤ ሰፈር ውስጥ የአሮጌ ደብተር ቅጠል የቆሎ መጠቅለያ መሆኑ አልቀረም፣ ጎረቤት ቆሎውን ጨርሶ ማንበብ ይጀምራል።